ቀትር የዘገየበት ቀን

ጋሪው ከድንጋዩ በር እንደገባ ቆመ። ጥቂት ሄደና ደግሞ ቆመ። ባለጋሪው ልጓሙን ስቦ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ከበቅሎዋ ፊት ጥቁር ካባ የለበሰ አንድ ወጣት መጽሐፉን በሁለት እጁ ዘርግቶ በመንገዱ መሀል ለመሀል ቀስ እያለ ይሄዳል።

"ምነው አትጮህበትም?" አሉ ከኋላ የተቀመጡት ሽማግሌ።

"አይጮህበትም አባባ። በዚህ ከተማ እያነበበ ለሚሄድ ሰው ጋሪ ነው የሚቆመው። ደንብ ነው።"

"ገደል ቢያጋጥመውስ?"

"ገደል የለም። ለዚሁ ብለው ሳይሆን አይቀርም ከተማውን ሜዳ ላይ የሠሩት።"

ሽማግሌው ሳቁ። ከጎናቸው የነበረችው ምራታቸው ግን አልሳቀችም፤ አንገቷን አስግጋ የልጁን ፊት እያየች ነበር። ባሏ እንዳልሆነ ታውቃለች። ባሏ ረዘም ይላል፣ ደግሞም ዛሬ ከክፍሉ እንዲወጣ አይፈቀድለትም። ቢሆንም ካባ የለበሰ ሁሉ ባለፈ ቁጥር ዓይኗ አብሮት ይሄዳል።

እስቲ ሰዎቹን ላስተዋውቃችሁ። ሽማግሌው ገመድ ገማጅ ናቸው። ከአባታቸው የወረሱት ረጅም ዳስ ነበራቸውና ቃጫውን ከወገባቸው እየሳቡ፣ ወደ ኋላ እየተራመዱ፣ ገመድ ሲያወጡ ነው ዕድሜያቸው ያለፈው። ምራታቸውን ሰፈሩ በሙሉ መርፌ ይላታል፤ ቀጭን ናት፣ የማትሾልክበት ቀዳዳም የለም። ባሏ ለትምህርት ወደዚህ ከተማ ሲመጣ ገና የሙሽርነት ወጓ ያላለቀ ልጅ ነበረች። ተማሪ ሚስት ይዞ እንዲኖር ደንቡ አይፈቅድም። መምህር ሲሆን ግን ዩኒቨርሲቲው ቤት ይሰጠዋል። እስከዚያው እሷ ከአማቷ ጋር ዳሱ ውስጥ ስትገምድ ኖረች። እጇ እንደ ወንድ እጅ ሻከረ። ጎረቤቶቿ ሦስተኛ አራተኛ ልጃቸውን ሲያጥቡ እሷ የምታጥበው የአማቷን እጀ ጠባብ ነበር።

ነገ ባሏ ለፈተና አዳራሽ ይቆማል። ካለፈ ቤት ይገባሉ። ከወደቀ እንደገና ከታች ጀምሮ እስካሁን የተማረውን ያህል ዓመት ይማራል፤ እሱ እንደሆነ አይተውም፣ ታውቀዋለች። እሷም ወደ ዳሱ ተመልሳ ያን ያህል ዓመት ትጠብቃለች ማለት ነው። ይህን ነገር መንገድ ላይ አንስተውት አያውቁም፤ ሁለቱም በልባቸው ይዘውት ነው የመጡት።

የተፈታኝ ዘመድ የሚያርፈው ከደወሉ ማማ ሥር ባለች ክፍል ነው። የተቀበላቸውም ደዋዩ ራሱ ነበር፤ አንድ እግሩን የሚያነክስ፣ ሆዱ ቀድሞት የሚሄድ፣ ወሬ የሚወድ ሰው። ዕቃቸውን አስቀምጠው እግራቸውን ሳያሳርፉ ከተማውን ላሳያችሁ ብሎ አወጣቸው።

የከተማው ነገር እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! ሽታው ቀለም፣ ሰምና የረጠበ ድንጋይ ነው። ደረጃው ሁሉ መሀሉ ላይ እንደ ማንኪያ ጎድጉዷል። ገማጁ አንዱን ደረጃ ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው ዳሰሱና፣ ይህን ያደረገ መዶሻ ነው ብላችሁ እንዳትዋሹኝ አሉ። ደዋዩም መዶሻ ሳይሆን ፈተና የፈራ ተማሪ እግር ነው ብሎ መለሰላቸው። ከዳቦ ቤቱ ግድግዳ ላይ በከሰል የተጻፈ ረጅም ስሌት አለ። ጋጋሪዋ ግድግዳውን በየዓመቱ ኖራ ስትቀባ እሱን ብቻ ትዘለዋለች፤ የጀመረው ተማሪ ተመልሶ እስኪጨርሰው ነው አሉ። ተማሪው አሁን ሽበት አውጥቷል፤ አንዳንዴ እየመጣ ቆሞ ያየውና ዳቦ ገዝቶ ይሄዳል። ከምንጩ ዳር ሁለት ወጣቶች አፍ ለአፍ ገጥመው ይከራከራሉ፤ ውኃ ቀጂዋ እንስራዋን አስቀምጣ አንደኛው ትክክል ነው፣ ያኛው ጮሌ ብቻ ነው ብላ ፈረደች። የተፈረደበት ልጅ ይግባኝ ሲላት እንስራዬን አሸክመኝና እሰማሃለሁ አለችው።

መጻሕፍት ቤት ሲገቡ ገማጁ ከበሩ ላይ ቆሙ። እያንዳንዱ መጽሐፍ በሰንሰለት ከጠረጴዛው ጋር ተያይዟል።

"ምን አጥፍተው ነው?" ብለው ጠየቁ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"እነሱ ምን ያጠፋሉ፤ አንባቢው ነው የሚያጠፋው፤ ይዞ ይጠፋል።"

"እና አጥፊውን ትቶ መጽሐፉን ማሰር?"

ደዋዩ እያነከሰ ወደሚቀጥለው በር መራቸው።

መርፌ የምታየው ሌላ ነገር ነበር። እሷ የምታየው መስኮት ነው። ይቺ ጠዋት ፀሐይ ታገኛለች፤ ያቺ ከቆዳ ፋቂው ጎን ናት፣ ትሸታለች። ልብስ የት ይሰጣል? ውኃው ከየት ይቀዳል? ከዚህ ደረጃ ላይ ሕፃን ቢንከባለል ምን ይይዘዋል? ባልተሰጣት ከተማ ውስጥ ቤት ስትመርጥ ራሷን ያዘችውና ተቆጣችው፤ ሁለት መንገድ እንኳ ሳያልፉ ደግሞ ስታማርጥ ተያዘች።

መጨረሻ ላይ ወደ ማማው ወጡ። የፈተናውን ደንብ የሰሙትም እዚያው ነው። ተፈታኝ ከጠዋቱ ደወል እስከ ቀትሩ ደወል አዳራሹ መሀል ይቆማል። ጠያቂዎቹ ይጠይቁታል፣ ይመልሳል። ደወሉ ሳይሰማ የተቀመጠ ወይም አልቻልኩም ብሎ የወጣ ወድቋል። በሩ ይዘጋል፤ ከውጭ የሚገባም የለም፤ ሊቀ ጉባኤው ራሳቸው እንኳ ይበቃል ማለት አይችሉም። የሚፈታው ደወሉ ብቻ ነው።

ደዋዩ ይህን ሲያወራ ገማጁ በጆሯቸው ይሰሙታል እንጂ ልባቸው እዚያ አልነበረም። ከጣሪያው የተንጠለጠለውን የደወል ገመድ ይዘው ወደ ላይ ወደ ታች ይዳስሱታል። አንድ ቦታ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። ከንፈራቸውን መጠጡ።

"ይሄ ገመድ አይደለም" አሉ። "ይሄን ልማድ ነው የያዘው።"

ደዋዩ ፊቱ ተለወጠ። አዲስ ገመድ ከለመነ ከርሟል። ለቁልፍ ያዡ ነገረ፣ ቁልፍ ያዡ ለንብረት ሹሙ ነገረ፣ ንብረት ሹሙ ጉባኤ ይቀመጥበት አለ፣ ጉባኤው ሲቀመጥ ስለ ካባ እጅጌ ርዝመት ተነጋግሮ ተነሣ። ሳይበጠስ አያምኑም፤ ሲበጠስ ደግሞ አንተ ነህ የበጠስከው ይሉኛል አለ፤ ድምፁ ቀጠነ። ገማጁ ራት ሲበሉ ሁለት ጊዜ ቀና ብለው ጣሪያውን ሲያዩ መርፌ አይታቸዋለች።

በማግስቱ ጠዋት ደወሉ ተደወለ፣ የአዳራሹ በር ተዘጋ። ዘመድ የሚቀመጠው ከላይ ሰገነቱ ላይ ነው፤ የራሱ መውጫ ደረጃ አለው። መርፌ ከእንጨቱ አጥር ላይ ተደግፋ ወደ ታች አየች። ባሏ መሀል ላይ ካለች ክብ ድንጋይ ላይ ቆሟል። ከስቷል። ጢም አውጥቷል፤ ጢሙ አልደነቃትም፣ ጎረምሳ ሳለ ነበር የሸኘችው። ፊት ለፊቱ ጠያቂዎቹ በየማዕረጋቸው ተደርድረዋል፤ መሀል ላይ ሊቀ ጉባኤው፣ ዓይናቸው የደከመ፣ አገጫቸውን በከዘራቸው ላይ ያስደገፉ አዛውንት። የብር ዘንግ የያዘው አጋፋሪ በሩ ላይ ቆሟል። ጥያቄው ታወጀ፤ ሰው ያላየውን ነገር ማወቅ ይችላል ወይ የሚል ነበር።

ከዚያ ማዥጎድጎድ ጀመሩ። አንዱ ይወረውራል፣ ሳይጨርስ ሌላው ይቀበላል። ገማጁ ይህንን አልቻሉም። ልጃቸውን ሰው ከብቦ የሚደበድበው መሰላቸው። ጥቂት ተቁነጠነጡና፣ አየር ልቀበል ልጄ፣ አንቺ እዪልኝ ብለዋት ወጡ።

መርፌ ቆየች። የሚባለው ሁሉ አልገባትም። የባሏ ድምፅ ግን ይገባታል፤ መቼ እንደሚተማመን፣ መቼ ጊዜ እየገዛ እንደሆነ ታውቃለች። እስከ ረፋድ ድረስ ደህና ነበር። ከዚያም ደህና ነበር። በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ወለሉን አቋርጦ ከጠያቂዎቹ እግር ሥር ደረሰ። አጋፋሪው ቀና አለ። ጠያቂዎቹ መጻሕፍታቸውን መዝጋት ጀመሩ። ባሏ ትንፋሹን ለቀቀ።

ደወሉ ግን አልተሰማም።

ብርሃኑ አለፋቸው። አንዱ ጠያቂ ጉሮሮውን ጠረገና ሌላ ጥያቄ አመጣ፤ የተዘጋጀበት አልነበረም፣ ያስታውቃል። ባሏ መለሰ። ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሲያዛውር ከሰገነቱ ላይ ታየ። ከጎኗ የነበረች ሴት፣ ዛሬ ምን ሆኑ፣ እኔ ልጆቼን እስካሁን አብልቼ ነበር አለች። ያኔ ነው መርፌ አማቷ የተቀመጡበትን ባዶ ቦታ ያየችው። ወዲያው ትናንት እጃቸው ገመዱ ላይ እንዴት እንደቆመ ታያት።

"አባባ!" ብላ ተነሣች።

የማማውን ደረጃ እንዴት እንደጨረሰችው አታውቅም። ስትደርስ ገማጁ ወለሉ ላይ ቃጫ ዘርግተው፣ ሹሏን እንጨታቸውን በጥርሳቸው ይዘው፣ የተፈታ ገመድ ጭናቸው ላይ ጥለው ይገምዳሉ። እንዲያ ደስ ብሏቸው ካየቻቸው ቆይቷል። ደዋዩ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ያለቅሳል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የጠዋቱ ደወል እንደተደወለ ገማጁ መጡና የተበላችዋን ቦታ ብቻ ቆርጬ ልቀጥላት፣ ከቀትር በፊት እጅህ ላይ ናት አሉት። ደዋዩም ደስ አለው። ሲቆርጡት ግን ከላዩም በስብሷል። ያንን ሲቆርጡ ከዚያም በላይ በስብሷል። እንዲህ እንዲህ ሲሉ ጣሪያው ድረስ ደረሱ፤ የቀረውም ሲሳብ ከደወሉ ተበጥሶ ወረደ። የገማጅ እጅ ደግሞ አንዴ ከገባበት ሳይጨርስ አይወጣም፤ ግማሽ ሥራ ከዳሳቸው ወጥቶ አያውቅም። ደዋዩ ቀትር ደረሰ ሲላቸውም ትንሽ ቆይ ይሉታል። ስለ ቀትር የተነገራቸውን ረስተው አይደለም። ደወሉ ቢዘገይ ምሳ ይዘገያል እንጂ ሌላ ነገር ይደርሳል ብለው አላሰቡም፤ ትናንት ደንቡ ሲነገር እጃቸው ገመዱ ላይ ነበራ።

መርፌ አልጮኸችም። ፊታቸው ተንበርክካ፣ እጃቸውን ከነገመዱ ያዘች።

"አባባ፤ ልጅዎ እስካሁን ቆሟል። ይሄ ካልጮኸ መቀመጥ አይችልም።"

ሽማግሌው አዩዋት። ቀስ እያለ ነው የገባቸው። አፋቸው ውስጥ የነበረችው እንጨት ወደቀች።

"አላለቀም" አሉ። "ግማሹን ብቻ ነው ያጠላለፍኩት። ሲስቡት ሊፈታ ይችላል።"

"ያለቀውን ያህል ይስጡኝ።"

"ልጄ፣ እንዲህ ያለ ሥራ ከእጄ ወጥቶ..."

"አውቃለሁ። አብሬዎት ስገምድ ነው የኖርኩት። ይስጡኝ።"

ልጆቼ፣ ያንን ገመድ ከጭናቸው አንሥተው ሲሰጧት የነበረውን እጅ ብታዩት! ሰው ያልጠነከረ ሕፃን ለሌላ ሰው ሲያቀብል እንደዚያ ነው።

ወደ ደወሉ የሚያወጣ መሰላል ከተነሣ ቆይቷል፤ ደዋዩም በዚያ እግሩ አይወጣም። እሷ ቀሚሷን ታጥቃ በጣሪያው ግንዶች መሀል ወደ ላይ ሾለከች። ላይ ስትደርስ ደወሉ ከዳሳቸው ምሰሶ ይበልጥ ሰፊ ሆኖ አገኘችው፤ ከውስጡ የተንጠለጠለው የብረት መምቻ ብቻ የሷን ወገብ ያህላል። ገመዱን መምቻው ላይ አዙራ አሠረችው፤ እንዴት እንደሚታሠር ማንም ሊነግራት አላስፈለገም። ጫፉን ወደ ታች ጣለችና ሳቡት ብላ ተጣራች። ገማጁና ደዋዩ አብረው ሳቡ። ገመዱ አቃሰተ። ያልተጠናቀቀው ቦታ ላይ ክሮቹ ሲላቀቁ አየች፤ እጇን ሰዳ እዚያው ላይ በሁለት መዳፏ ጨብጣ ያዘችው። ገመዱ በመዳፏ ውስጥ እየተንሸራተተ ቆዳዋን ላጠው። አለቀቀችም።

ደወሉ ጮኸ።

እዚያ ከተማ ያን ያህል የተጠበቀ ቀትር አልነበረም። ምንጩ ዳር ያሉት ተከራካሪዎች እንኳ ዝም አሉ ይባላል። እሷ ለጊዜው ጆሮዋ ደነቆረ፤ የደወሉ ድምፅ በጥርሷ ነው የተሰማት።

ከዚያ ሁለቱም ሮጡ፤ ገማጁ በዕድሜያቸው፣ እሷ በደማ እጇ። ደወል ከተደወለ የአዳራሹ በር ይከፈታልና በዋናው በር ገቡ። መርፌ የምታገኘውን በልቧ አዘጋጅታ ነበር፤ ወይ ወድቆ፣ ወይ ተቀምጦ፣ ወይ ሰው ሁሉ ወጥቶ።

ማንም አልተነሣም።

በኋላ አጋፋሪው እንደነገራት፣ ጠያቂዎቹ ጥያቄያቸው አልቆ ሲያበቃ ዝም ማለትም ደንቡ አይፈቅድላቸውምና ሊቀ ጉባኤው ራሳቸው አንድ ነገር ጠየቁ። በዚህ ከተማ ዕድሜዬን ኖርኩ አሉ። ትናንት በጋሪ የመጣ እንግዳ ግን እኔ የማላየውን እያየ ይደነቃል። ከተማዋን የሚያውቃት ማነው፣ እሱ ነው ወይስ እኔ? ይህ ከመጽሐፍ የተወሰደ አልነበረም፤ መልሱንም አያውቁትም ነበር። ባሏም እኔም አላውቅም አለ፤ ያ አዳራሽ እንዲህ ያለ ቃል ሰምቶ አያውቅም። ቀጥሎ ግን ቢፈቅዱልኝ ላስበው አለና ጮክ ብሎ ማሰብ ጀመረ። እኔም ስመጣ የደረጃው ጉድጓድ አስደንግጦኝ ነበር፤ ዛሬ እግሬ ያውቀዋል፣ ዓይኔ ግን ትቶታል ብሎ ቀጠለ። ሊቀ ጉባኤው አቋረጡት፣ እሱም እሳቸውን አቋረጠ። ሁለቱም ማን ጠያቂ ማን ተጠያቂ እንደሆነ ረስተውት ነበር ደወሉ የጮኸው።

መርፌ ስትገባ ባሏ አንድ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ነበር፤ ለደወሉ ነው፣ ቆይ እንደማለት። ደወሉ እስኪያበቃ ጠበቀና የጀመረውን ሐሳብ ጨረሰ። ዓይን የሚያየው ሲመጣ ነው፣ እግር የሚያውቀው ሲኖር ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ ሰዎች አንድ ቤት ካልኖሩ ከተማዋን ሙሉ በሙሉ የሚያውቃት የለም አለ። ከዚያ በኋላ ብቻ ነው ዞሮ በሩ ላይ የቆመችውን ሚስቱን ያያት። 

አንደኛው ጠያቂ ተነሥቶ ደወሉ በሰዓቱ ስላልተደወለ ፈተናው እንደ ደንቡ አይደለም አለ። አጋፋሪውም ደወሉን ያዘገየው ማነው ብሎ ጠየቀ። ገማጁ ቃጫ እንደለበሱ ወደ ፊት ወጡ።

"እኔ ነኝ ጌታዬ። ደዋዩ የለበትም። ገመዱም ገና አላለቀም፤ ከሰዓት በኋላ እጨርሰዋለሁ።"

ሊቀ ጉባኤው ድምፁ ወደመጣበት ዞሩ።

"ደንቡ የሚለው ደወሉ እስኪደወል ይቁም ነው" አሉ። "ደወሉ ዘገየ እንጂ እሱ አልቀደመም። ሲደወልም አልተቀመጠም።" ከዚያ ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ፤ እሳቸው ሲነሡ አዳራሹ በሙሉ ተነሣ። ከጎናቸው የነበረውን ባዶ ወንበር አመለከቱት።

"ተቀመጥ፣ መምህር።"

በቃ ማዕረጉ ይኸው ነው፤ ሌላ ንግግር የለውም። ያ የተጠራ ሰው እስኪቀመጥ ማንም አይቀመጥም። ባሏ ወደ ወንበሩ እንደምንም ተራመደና ጀርባውን ሰጠው። ጉልበቱ ግን እምቢ አለ። ያን ያህል ቆሞ እንደ ግንድ ደርቋል፤ ሊታጠፍ አልቻለም። ሞከረ። ደግሞ ሞከረ። ሊቁ ሁሉ በየማዕረጉ ቆሞ ይጠብቃል፤ ከሰገነቱ ላይ ሰው ሳቁን በእጁ አፈነ።

መርፌ አጋፋሪውን በጎኑ አልፋ ሄደች። የዘንጉ ጫፍ እንኳ አልነካትም። ገማጁ በግራ፣ እሷ በቀኝ፣ ብብቱ ሥር ገቡ። ውኃ የጠጣ ከባድ ጥቅል ገመድ ከጋሪ ላይ ሲያወርዱ እንደሚያደርጉት ተያዩ።

"ያዝሽ?" አሉ ሽማግሌው።

"ይዣለሁ። ቀስ ይበሉ።"

"ልቀቂ... ልቀቂ... አሁን።"

ተቀመጠ። አዳራሹም ተከትሎት ተቀመጠ።

ባሏ የደማ መዳፏን አየና በሁለት እጁ ያዘው።  ወደ ጆሮዋም ጠጋ አለ።

"ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው" አላት። "ደረጃው አያልቅም።"

"አንሺኝ በለኝ ብቻ" አለችው መርፌ። "አባትህና እኔ ተሸክመን እናወጣሃለን።"